በሽታ ፍርድ ነው ወይ?

እ.ኤ.አ. በ1986 የታይዋን ሐኪሞች ስለ ሰባት ሕሙማን የጻፉት ዘገባ በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ሰባቱም ጉበታቸው መግል ቋጥሮ ነበር፤ መግሉን ያመጣው ባክቴሪያም በደማቸው ተሻግሮ ዓይናቸውን አጥቅቶ ነበር። ባክቴሪያው ክሌብሲዬላ ኒሞኒዬ ይባላል። ለሐኪሞች እንግዳ አልነበረም፤ ጀርመናዊው ካርል ፍሪድሌንደር በ1882 በሳንባ ምች ከሞቱ ሰዎች ሳንባ ውስጥ አይቶ ከገለጸው ምዕተ ዓመት አልፎ ነበር። እንግዳ የሆነው ጠባዩ ነው። ከዚያ በፊት ጉበት ላይ የሚቋጠር መግል በአብዛኛው ከሌላ ሕመም ተከትሎ የሚመጣ ነበር፤ የሐሞት መውረጃ ሲዘጋ ወይም ትርፍ አንጀት ሲቆስል። ይህኛው ግን እንዲህ ያለ መነሻ የሌለበትን፣ ትናንት ሥራው ላይ የዋለን ሰው ሳይታሰብ ይጥላል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይጀምረዋል፤ ቀኝ ጎኑን ከጎድኑ ሥር ያመዋል፤ ባክቴሪያው ወደ ዓይኑ ከዘለቀም በጥቂት ቀናት ውስጥ ብርሃኑን ሊያጣ ይችላል።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው፣ የየትኛውም እምነት ተከታይ ቢሆን፣ ለሐኪሙ የማያነሣው አንድ ጥያቄ በልቡ ይመላለሳል፤ «ምን አጥፍቼ ነው?» ቤተሰቡም ጎረቤቱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያንኑ ይጠይቃል። ጨክኖ «የእጁን አገኘ» የሚልም አይጠፋም። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ሰው መከራው ከንቱ ሆኖ እንዳይቀርበት ይፈልጋል፤ አንዳንድ ጊዜ በደለኛ ሆኖ መቀጣት እንኳ ያለ ምክንያት ከመሠቃየት ይቀልለዋል። እዚህ የምሟገትለት ሐሳብ ግን አንድ ነው። በሽታ በታማሚው ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም፤ እንደ ፍርድ መቁጠሩም ራሱ ሰውን የሚጎዳ በደል ነው። የሞራል ተጠያቂነት የሚጀምረው ስለ በሽታው ካወቅን በኋላ በምናደርገውና በምንተወው ላይ ነው። ለዚህ ክርክር ይህን የጉበት መግል የመረጥኩበት ምክንያት አለ፤ የበሽታው አካሄድ ደረጃ በደረጃ ተጠንቷል፣ የሰው እጅ ያለበትና የሌለበት ቦታም በግልጽ ተለይቶ ይታያል።

መጀመሪያ አካሄዱን እንመልከት። ክሌብሲዬላ በአፈርና በውኃ ውስጥ ይገኛል፤ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አንጀት ውስጥም ምንም ሳያደርግ ዕድሜ ልኩን ሊኖር ይችላል። በምሥራቅ እስያ ደግሞ ይህን የጉበት መግል የሚያመጣው ኃይለኛው ዓይነት ሳይቀር በጤነኞች አንጀት ውስጥ ተገኝቷል። ከአንጀት የሚነሣ ደም ወደ ልብ ከመሄዱ በፊት በጉበት በኩል ያልፋል፤ ባክቴሪያው የአንጀትን ግድግዳ ጥሶ ከወጣ የመጀመሪያ ማረፊያው ጉበት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ኃይለኛው ዓይነት ከሌላው የሚለይባቸው ነገሮችም ታውቀዋል። አንደኛው ሽፋኑ ነው። ራሱን በወፍራም ዝልግልግ ነገር ስለሚጠቀልል ነጭ የደም ሴሎች ይዘው ሊውጡት ይቸገራሉ። በቤተ ሙከራ ውስጥ ያደገውን ባክቴሪያ በቀጭን ሽቦ ነክተው ወደ ላይ ሲስቡት ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ እንደ ክር ከተለጠጠ ሐኪሙ ኃይለኛው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም ብሎ ይጠረጥራል። ሁለተኛው ብረት የማግኘት ችሎታው ነው። ሰውነታችን ጀርሞች ለመራባት የሚፈልጉትን ብረት በፕሮቲን አስሮ ይደብቃል፤ ኃይለኛው ክሌብሲዬላ ደግሞ ኤሮባክቲን የተባለ ኬሚካል እያመረተ የተደበቀውን ብረት ነጥቆ ይወስዳል። የእነዚህ ችሎታዎች ዋና ዋና ጂኖች የሚገኙት ፕላዝሚድ በሚባል፣ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ሊሻገር በሚችል የዲ ኤን ኤ ቀለበት ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ስለ ታማሚው ጠባይ የሚናገር ምን አለ? ፍርድ የሚባል ነገር ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፤ የሚያውቅ ዳኛ፣ የተፈጸመ ጥፋት፣ ጥፋቱንና ቅጣቱን የሚያመዛዝን ሚዛን። ባክቴሪያው አያውቅም። የሚፈልገው ብረትና ስኳር ነው፤ ሌባውንና ምጽዋት ሰጪውን ለይቶ የሚያይበት ነገር የለውም። የበሽታው ስርጭትም የበደልን ካርታ አይከተልም። ከ1980ዎቹ ወዲህ በታይዋን ከጉበት መግል አብዛኛውን የሚያመጣው ይህ ባክቴሪያ ሲሆን፣ በአውሮፓ ግን ለረጅም ጊዜ እምብዛም አልታየም። ይህን ልዩነት በኃጢአት መጠን ለማስረዳት የሚነሣ ሰው፣ የታይዋን ሕዝብ በአንድ ትውልድ ውስጥ ከአውሮፓ ሕዝብ ይልቅ በድንገት የከፋ በደለኛ ሆነ ማለት ይኖርበታል፤ እንዲህ ብሎ የሚከራከር ደግሞ የለም። ማስረጃ ከአገራችንም ማምጣት ይቻላል። የዚህ ባክቴሪያ ዘመድ የሆነው የተለመደው ክሌብሲዬላ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ለአራስ ሕፃናት የደም መመረዝ ዋና ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ ነው። ከተወለደ ሦስት ቀን ያልሞላው ሕፃን ምን አጥፍቶ ነው? በሽታ ሁሉ ፍርድ ነው የሚል ሰው ለዚህ ሕፃን መልስ ሊኖረው ይገባል፤ መልስ ከሌለው ደግሞ ለአዋቂው ታማሚም ሕጉን የሚያውቀው አስመስሎ መናገሩን መተው አለበት።

እዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ስለ ስኳር በሽታ ነው። ይህ የጉበት መግል የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ይበልጥ እንደሚያጠቃ በተደጋጋሚ ታይቷል። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ሲበዛ ነጭ የደም ሴሎች ባክቴሪያውን የመዋጥ አቅማቸው ይደክማል። ታዲያ ሰውየው በአመጋገቡ፣ በስንፍናው ወይም መድኃኒቱን በመተው ያመጣው አይደለም ወይ? ጥያቄው ከመቅሠፍት ንግግር የተሻለ ይመስላል፤ በሳይንስ ልብስ የመጣ ያው ፍርድ ነው እንጂ። በመጀመሪያ ስኳር ሳይኖርባቸው በዚህ በሽታ የተያዙ ብዙ ናቸው፤ ስኳር ይዟቸው በዚህ በሽታ የማይያዙት ደግሞ እጅግ ይበዛሉ። ሁለተኛ፣ የስኳር ሕመም መምጣቱም ሆነ መባባሱ በአብዛኛው በዘር፣ በዕድሜ፣ በድህነት፣ ኢንሱሊን በቅርብ በመገኘቱና ባለመገኘቱ የሚወሰን ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ቆሽቱ ኢንሱሊን ማምረት ያቆመበት ሰው በሆዳምነት አይከሰስም። ሦስተኛውና ዋናው ነገር፣ ምክንያት መሆንና ጥፋተኛ መሆን ሁለት ነገሮች ናቸው። የሰው ልማድ ለሕመሙ ድርሻ ቢኖረው እንኳ የተከተለው ውጤት እንጂ ቅጣት አይደለም፤ በመጠኑም ከጥፋቱ ጋር አይገናኝም። ጣፋጭ ወደደ ተብሎ ዓይን የሚያወጣ ዳኛ ቢኖር ጨካኝ እንለዋለን። ለሰው ዳኛ ያልፈቀድነውን ጭካኔ በፈጣሪ ስም ስንናገረው እምነታችንን አላከበርንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚነሣ ስለሆነ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማርያም ሙሴን በነቀፈች ጊዜ በለምጽ ተመታች፤ የኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ ስለ ስስቱ ለምጻም ሆነ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ታሞ የተፈወሰው ሰውም ዳግመኛ እንዳይበድል ተነግሮታል። ታላቁ ባስልዮስ ዘቂሳርያም ስለ ሕክምና ጥበብ ሲጽፍ አንዳንድ ሕመም ለተግሣጽ እንደሚመጣ አልካደም። ስለዚህ በሽታና ኃጢአት ግንኙነት የላቸውም ማለት ለአማኝ አይቻለውም ይባላል። ይህን ተቀብሎ መከራከር ይቻላል፤ ስሕተቱ ያለው አቅጣጫው ላይ ነውና። ዝናብ መሬትን ያረጥባል፤ እርጥብ መሬት ሁሉ ግን ዝናብ የዘነበበት አይደለም። ጥቂት በደሎች በበሽታ ተቀጥተዋል ቢባል እንኳ፣ ይህ በሽታ በደልን ያሳያል የሚለው ከዚያ አይከተልም። በእነዚያ ታሪኮች ውስጥ ምክንያቱን የሚናገረው ፈጣሪ ራሱ ወይም በእርሱ የተላከ ነው። ያለ መላክ፣ ከቁስሉ ተነሥቶ ወደ ኃጢአቱ የሚቆጥር ሰው በመጻሕፍቱ ውስጥ ሲመሰገን አይታይም። የኢዮብ ወዳጆች ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ በመጨረሻ የተገሠጹት እነርሱ ናቸው፣ የሚጸልይላቸውም ኢዮብ እንዲሆን ተደረገ። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ የበደለው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው በጠየቁ ጊዜ ክርስቶስ ሁለቱንም አልተቀበለም። የሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸው ዐሥራ ስምንት ሰዎችም ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ነዋሪዎች የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናግሯል። በእስልምናም ነቢዩ አዩብ የትዕግሥት ምሳሌ ሆነው ይነሣሉ፤ ሕመማቸው የነቢይነታቸውን ክብር አልቀነሰውም። እንግዲህ ታማሚን በበሽታው መፍረድ ከእምነት ተወርሷል ሲባል እውነቱ ተገላብጧል፤ እምነቱ ራሱ ከጥንት ጀምሮ የተቃወመው ልማድ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ታማሚው ንጹሕ ነው፣ ባክቴሪያውም አያውቅም ካልን፣ እንዲህ ያለውን ፍጥረት ስለ ሠራው ምን እንላለን? ከፈላስፋው ላይብኒዝ በፊትም ሆነ በኋላ የተጻፉ ብዙ መልሶች አሉ። ከሥነ ሕይወት የምንማረው ጥቂት ብርሃን ይሰጠናል። ባክቴሪያውን ገዳይ የሚያደርጉት ነገሮች በሌላ ቦታ የመኖሪያ መሣሪያዎቹ ናቸው። ሽፋኑ በአፈር ውስጥ ከድርቀትና ከጠላት ይጠብቀዋል፤ ብረት የመፈለጉ ጥበብ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች በየመልኩ የሚኖሩበት ነው። አንዳንድ የክሌብሲዬላ ዘመዶች ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ዕፀዋት ሊመገቡት ወደሚችሉት መልክ ይለውጣሉ። ያለ ባክቴሪያ እህል አይበቅልም፣ የሞተ አይበሰብስም፣ አንጀታችንም ሥራውን በአግባቡ አይሠራም። ክፋት ለብቻው የተፈጠረ ነገር ሆኖ እዚህ አይገኝም፤ የሚገኘው በአንድ ቦታ ሕይወት የሚሰጥ ኃይል በሌላ ቦታ ሕይወት ሲነጥቅ ነው። ይህ አባባል ግን እስከ ምን ድረስ እንደሚያስኬድ ማወቅ ይገባል። ዓለሙ በአጠቃላይ ለምን እንዲህ እንደ ተሠራ በመጠኑ ያስረዳል፤ ይህች ሴት ለምን ዓይኗን እንዳጣች ግን አያስረዳም፣ ኪሳራዋንም በጎ ነገር አያደርገውም። መከራን በጎ ነው ብሎ ማስጌጥ ሌላው የፍርድ መልክ ነው፤ ታማሚው ማልቀስ እንኳ እንዳይችል ይከለክለዋል። ኢዮብ የተመሰገነው ሳያጉረመርም በመቅረቱ አይደለም፤ አጉረምርሟል፣ ተሟግቷል። መልሱ ሙሉ ባለመሆኑ አንድ ነገር ይከተላል፤ ስለ ፈጣሪ ሐሳብ በእርግጠኝነት ሊናገር የሚችል ሰው በታማሚው አልጋ አጠገብ የለም። የማያውቅ ደግሞ አይፈርድም።

አራተኛው ተቃውሞ ከተግባር የሚመጣ ነው። ማንም ጥፋተኛ ካልሆነ ማንም ተጠያቂ አይሆንም፤ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ወይም «የአላህ ቀድር ነው» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ይመጣል ይባላል። እኔ የምለው የዚህ ተቃራኒ ነው። በታማሚው ላይ ያለ ቦታው የወደቀው ነቀፋ ሲነሣ እውነተኛው ተጠያቂነት መታየት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይናዋ ሃንግዡ ከተማ በአንድ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ አምስት ሰዎች በአንድ ዓይነት ክሌብሲዬላ ሞቱ። አምስቱም አደጋ ደርሶባቸው ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው፣ በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዱ ነበሩ። ተመራማሪዎች ባክቴሪያውን ሲመረምሩ ያገኙት የሚያስፈራ ነበር። ጠንካራ የሚባሉትን ካርባፔኔም የተሰኙ መድኃኒቶች የተላመደው የሆስፒታል ክሌብሲዬላ የኃይለኛውን ዓይነት ፕላዝሚድ ወርሶ ተገኘ። ቀድሞ ሁለቱ ባሕርያት ተለያይተው ይታዩ ነበር፤ ኃይለኛው በተለመደ መድኃኒት ይሞታል፣ መድኃኒት የተላመደው ደግሞ ጤነኛ ሰውን እምብዛም አይጥልም። በ2024 ሐምሌ ወር መጨረሻ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ማሳሰቢያ መረጃ ከሰጡት 43 አገሮችና ግዛቶች 16ቱ ኃይለኛው ዓይነት እንዳለባቸው አስታውቀዋል፤ ካርባፔኔምን የተላመደው ኃይለኛ ክሌብሲዬላም ከእስያ ውጪ በሌሎች ክፍላተ ዓለም መታየቱ አሳሳቢ ተብሏል።

ፕላዝሚድ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ መሻገሩ የተፈጥሮ ሥራ ነው። መድኃኒት የተላመደው እንዲበዛና ሌላው እንዲጠፋ ያደረገው ግን በአብዛኛው የሰው እጅ ነው። ለጉንፋን ያለ ሐኪም ማዘዣ የተሸጠ አሞክሳሲሊን፣ ለጎረቤት የተካፈለ ፍሬ፣ ለከብትና ለዶሮ ማድለቢያ የተሰጠ አንቲባዮቲክ፣ በሁለት ሕሙማን መካከል ያልታጠበ የባለሙያ እጅ፣ ሁሉም ድርሻ አለው። ክሌብሲዬላ በተፈጥሮው አምፒሲሊንን የሚቋቋም ስለሆነ፣ ይህን መድኃኒት ያለ በቂ ምክንያት የሚወስድ ሰው በአንጀቱ ውስጥ ያሉትን ጉዳት የሌላቸውን ባክቴሪያዎች ገድሎ ለክሌብሲዬላ ሰፊ ቦታ ይለቅቅለታል። በአገራችን ሕጉ አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ገበያው ግን ሕጉን ሲያከብር አይታይም። እዚህ ላይ «እኔ የዋጥኩት ሁለት ፍሬ በሃንግዡ ሰው አልገደለም» የሚል ሊኖር ይችላል። ለብቻው እውነቱን ነው። ነገር ግን በብዙ ሚሊዮን ትንንሽ ድርጊቶች የሚሠራ ጉዳት እንዲህ ባለ ሒሳብ ባለቤት አይኖረውም። የአንዱ ድርሻ ትንሽ መሆኑ ኃላፊነቱን ትንሽ ያደርገዋል፤ አያጠፋውም። የመንግሥት፣ የመድኃኒት ነጋዴውና የባለሙያው ድርሻ ደግሞ እንደ አቅማቸው ይበዛል። ሊቃውንት የተፈጥሮ ክፋትና የሞራል ክፋት ብለው የለዩአቸው ሁለት ነገሮች በዚህ በሽታ ውስጥ ተገናኝተዋል፤ በ1986ቱ ሕሙማን ላይ የደረሰው ከተፈጥሮ ነበር፣ ዛሬ እየመጣ ያለው ግን የእኛም ሥራ ነው። በደል ከተባለ እዚህ ይፈለግ።

በሽታን እንደ ፍርድ ማየት የሚያስከፍለው ዋጋ ደግሞ በአካል የሚታይ ነው። የዚህ የጉበት መግል ሕክምና ይታወቃል። በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን ይታያል፤ መግሉ በመርፌ ወይም በቀጭን ቱቦ ይቀዳል፤ ባክቴሪያውን የሚገድል አንቲባዮቲክ ለሳምንታት፣ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ ይሰጣል። በጊዜ የደረሰ አብዛኛው ሰው ይድናል። ዓይን ግን ቀን አይሰጥም፤ ማየት ሲደበዝዝ የዘገየ ሰው ብርሃኑ ላይመለስ ይችላል። በሕመሙ ያፈረ ሰው ይደብቃል፣ ይዘገያል። መቅሠፍት ነው የተባለ ሰውም ሐኪም ቤት መሄድን ከፈጣሪ ጋር እንደ መታገል ሊቆጥረው ይችላል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ ያስተምራል፤ መድኃኒትም የልዑል ስጦታ መሆኑን ይናገራል። ባስልዮስ ሕክምናን ከእርሻ ጋር አመሳስሎ ለሰው የተሰጠ ጥበብ ይለዋል፤ በአራተኛው መቶ ዓመትም ከቂሳርያ ከተማ ዳር ድኾችና ሕሙማን የሚረዱበትን ቤት ሠርቷል። ነቢዩ ሙሐመድም ተከታዮቻቸው እንዲታከሙ አዘዋል። ስለዚህ ጸበልና ጸሎት ወይም ዱዓ ከመድኃኒት ጋር አይጣሉም፤ የሚጣላው በቅድስና ስም የሚደረግ መዘግየት ነው።

ፍርዱን ከታማሚው ላይ ካነሣን ንስሐ ይቀራል የሚሉም አሉ። አይቀርም። ማንም ሰው ታሞም ሆነ ጤነኛ ሆኖ ሕይወቱን ሊመረምር ይገባዋል፤ አልጋ ላይ የወደቀ ሰው ራሱን መመርመር ቢፈልግ የእርሱ ነጻነት ነው፣ የሚከለክለውም የለም። ሌላው ሰው ግን ያንን ምርመራ በእርሱ ላይ ሊያካሂድበት መብት የለውም። ለታማሚው የምንመኘው ንስሐ ለራሳችን ይበልጥ የሚያስፈልገን መሆኑን ከላይ ያየነው ያስረዳል፤ በሽታውን ያመጣው እርሱ አይደለም፣ መድኃኒቱን ያደከምነው ግን እኛ ነን።

እንግዲህ ይህን የሚያነብ ካህን፣ ሼህ፣ ፓስተር ወይም የቤተሰብ ታላቅ ሁሉ፣ ትኩሳት ያለበትና ቀኝ ጎኑን የሚያመው ሰው ፊቱ ሲመጣ ምን እንዳጠፋ አይጠይቀው። ትኩሳቱ ከጀመረ ስንት ቀን እንደሆነው፣ ስኳር እንዳለበትና እንደሌለበት፣ ዓይኑ ደብዝዞ እንደሆነ ይጠይቀውና ይጸልይለት፤ ያን ቀንም ወደ ሐኪም ይላከው። ቤቱ ሲመለስ ደግሞ ያለ ማዘዣ የገዛው አንቲባዮቲክ ካለ ዳግመኛ ላይገዛ ይወስን።